ሚጡ አፏን የዘጋች ዕለት

ምራቴ ፎቶ ቤቴ ስትገባ ሰላም አላለችኝም። የሕፃኗን ጋሪ የበሩን ደፍ አስዘልላ አስገባችና የተመለሰባትን ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው።

«መለሱት» አለች።

አንስቼ አየሁት። የልጅ ልጄ ሚጡ ናት። ከጀርባዋ ነጭ ነው፤ ጥላ የለበትም። ዓይኖቿ ቀጥ ብለው ያያሉ፤ ጆሮዎቿ ሁለቱም ወጥተዋል። አፏ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥርስ ያላበቀለው ድዷ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አፍ የተከፈተበት ለፓስፖርት አንቀበልም አሉኝ። የጥጉ ፎቶ ቤት ያነሳትን ጥላ አለበት ብለው መለሱ፤ የእርስዎን ደግሞ በአፏ። ቀጠሮዬ ነገ ጠዋት ነው። ነገ ካለፈኝ ሌላ የሚሰጡኝ ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ ያውቃሉ አይደል፣ እትዬ?»

«አውቃለሁ።»

«ማወቁንማ ያውቁታል።»

«ይኼ አያልፍም ብዬሽ ነበር። ‘ትንሽ ከፈት ቢል ምን አለበት’ ብለሽ ይዘሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ።»

«መጀመሪያውኑ አስተካክለው ቢያነሱት መቼ ይዤው እሄድ ነበር? ዩኒቨርሲቲ የበጠሱ ሰው የአንዲት ሕፃን አፍ ማዘጋት ያቅታቸው?»

አፍ ማዘጋት ብችልማ ካንቺ እጀምር ነበር የሚል መልስ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

ከኋላዋ እናቷ የዳይፐር ቦርሳውን በትከሻዋ አንግታ ገባች። ልጄ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ በሌለችበት «ሳጅን» ይላታል። በሥራ ዘመኗ የፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነበረች፤ ጡረታ ወጥታም ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ኪሱን ነው። ስሙ ልክክ ብሎባት ስለቀረ እኔም በሆዴ የምጠራት በሱ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ እሜቴ?» አለችኝ። እሜቴ የምትለኝ አክብራኝ አይደለም።

«ደኅና። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን እንጂ። የሰው ቀጠሮ ሲበላሽ የሚደላው አይጠፋም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሥራ አግኝቶ ባሕር ማዶ የሄደው ምራቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ልጁ ስትወለድ አልነበረም። እስከ ዛሬም የሚያያት በስልክ ነው፤ እሷ ስልኩን ልትልሰው ስትጠጋ እሱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ሲስቅ እሰማለሁ። አሁን መሥሪያ ቤቱ ሚስቱንና ልጁን እንዲያስመጣ ፈቅዶለታል። የምራቴ ጉዳይ አልቋል። የቀረው የሚጡ ፓስፖርት ነው፤ ፓስፖርቱን ያስቀረው ደግሞ አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። ፎቶው ካለፈ ይሄዳሉ። ካላለፈ እዚሁ ናቸው።

ስለዚህ ምራቴ ሆን ብዬ እንደማበላሽባት ብትጠረጥር አልፈርድባትም። ያለኝ ልጅ አንድ ነው፣ ያለችኝ የልጅ ልጅ አንዲት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከዚህ ፎቶ ቤት ወጥቼ ቤቴ የምገባው ለመተኛት ያህል ነው። ምራቴ ሥራ ስትውል ሳጅን ሚጡን ከሰዓት በኋላ እዚህ ታመጣታለች። ልትጠይቀኝ አይደለም፤ የሷ ቤት ፀሐይ ስለማይገባው ነው። ያንን ሰዓት ሁለታችን ግራና ቀኝ ተቀምጠን በሕፃኗ አፍንጫ እንጣላለን። እሷ የኛ ወገን አፍንጫ ነው ትላለች። እኔ መልሼ የናንተማ ቢሆን እስከ አሁን የሰው ኪስ ገብቶ ነበር እላታለሁ። ይኼ ሁሉ ከነጭቅጭቁ በዚያ ፎቶ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማንም ቢሆን ያስብ የነበረውን ነው ምራቴ ያሰበችው።

«መቼ ነው የጠባችው?» አልኳት።

«ልንወጣ ስንል።»

«እንቅልፏስ?»

«ጋሪው ላይ ተኝታ ነው የመጣችው። ሌላ ጥያቄ አለ? የክትባት ካርዷን ላምጣ?»

«ጃኬቷን አውልቂላት። አንገትጌው ከፍ ብሎ አገጯን ይነካታል፤ ሕፃን አገጩ ሲነካ ጡት የመጣ ይመስለዋል፣ አፉን ይከፍታል።»

«እህ! አሁን ደግሞ ጥፋቱ የጃኬቱ ሆነ» አለች ሳጅን ከበሩ አጠገብ።

ማሞቂያውን ለኮስኩ። ክፍሉ ለትልቅ ሰው ትንሽ እስኪያልብ መሞቅ አለበት፤ ለሕፃን ያ ነው ልኩ። የመስኮቱን ቀጭን ነጭ መጋረጃ ጋረድኩት። ፀሐዩ ከማዶው ሕንፃ ጣሪያ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። እሱ ከወረደ ይህ ክፍል ብርሃን የለውም፤ እኔ ደግሞ ሕፃን በፍላሽ አላነሳም። ፍላሽ ሲበራ ወይ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወይ ትደነግጣለች፣ ካልሆነም እንደ ጥጉ ፎቶ ቤት ከጀርባዋ ጥላ ይተክላል። ስለዚህ የነበረን ጊዜ ፀሐዩ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ድረስ ነበር። ይህንን ለምራቴ ነገርኳት።

«ያስፈራሩኛል እንዴ?»

«ሰዓቱን እየነገርኩሽ ነው።»

ሚጡን አጭሯ ወንበር ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥናት። ምራቴ ከጎን ተንበርክካ ወገቧን ያዘችላት፤ ጉርድ ስለሆነ ከትከሻ በታች አይወጣም። እኔ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ። ሕፃንን ከላይ ወደ ታች ያነሱት እንደሆነ ግንባር ብቻ ይሆናል። ሌንሱ ከዓይኗ እኩል መውረድ አለበት፤ ለዚህ ሥራ ለአሮጌ ጉልበቱ የማያዝን ሰው ያስፈልጋል።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ ከወለሉ ላይ። «ማንም እንዳይጠራት። ማንም እንዳያጨበጭብላት። ሁላችንም ከጮኽን ማንን እንደምታይ ግራ ይገባታል። ድምፅ የማሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም አንዴ ነው። ሁለተኛውን ንቃ ትተወዋለች።»

«እሺ፣ አለቃ» አለች ሳጅን። ከኋላዬ መጥታ ስትቆም የጫማዋን ድምፅ ሰማሁ።

ሚጡ አየችኝ። ካሜራውን አየችው። ከዚያ ዓይኗ ትንሽ ወደ ላይ ሄደና አፏ ተከፈተ። ጣቴን ያዝ አደረግኩ፣ ጠበቅኩ፤ አልዘጋችም። አፏ እንደተከፈተ ፎቶ አነሳኋት። ምራቴ ጨርቁን አስተካከለች፤ እንደገና ጠበቅኩ። ዓይኗ ወደ ሌንሱ ይመጣና ልጫን ስል ያው ወደ ላይ ሽቅብ ይልና አፏ ይበረገዳል። ረኃብ አይደለም፤ የራበው ሕፃን ጭንቅላቱን ያዟዙራል። እንቅልፍ አይደለም፤ ማዛጋትም አይደለም። ፍልቅልቅ ብላ፣ ደስ ብሏት ነው የምትከፍተው።

«አቤት!» አለች ምራቴ። «አቤት ጉድ! ቤት ውስጥ ስናነሳት እኮ አፏ ግጥም ብሎ ነው የሚዘጋው። እዚህ ስትመጣ ነው የምትከፍተው። ምን እያሳዩዋት ነው፣ እትዬ?»

«ካሜራ ነው የማሳያት።»

«ካሜራ ብቻ? ለባሌ ዛሬውኑ ነው የምነግረው። ‘እናትህ ልጅህን አልሰጥም አለች’ ብዬ ነው የምነግረው። ያኔ ለሱ ያስረዱት።»

«ንገሪው።»

«ልቤ እኮ ያውቅ ነበር። ገና ቪዛው መጣ ስንል ፊትዎ ጥቁርቁር ሲል አይቻለሁ።»

«የኔ ፊት ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አልኩና ተነሳሁ። ካሜራውን ይዤ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ።

ሰው ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ፈገግታ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ዓይን ነው። የዓይኑ ብሌን ጠርቶ ካልወጣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ፎቶው የሞተ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዱን ዓይን ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ አጎላዋለሁ። ይህን ደግሞ አጎላሁት። ጥርት ያለ ነበር። ብሌኑ ላይ መስኮቱ አለ፤ የመጋረጃው መሐል እጥፋት አለ። ከታች ወለሉ ላይ የተኛሁት እኔ እንደ ጥቁር ድንጋይ ሆኜ አለሁ። ከኔ በላይ ደግሞ አንድ የቆመ ሰው ጥላ፤ ከጥላው አንድ ክንድ ተሰቅሏል፤ ከክንዱ ጫፍ አራት ጣት በአንድ ወገን፣ አውራ ጣት በአንድ ወገን ተበርግዷል።

የሚቀጥለውን አየሁ። ክንዱ አለ። የባለፈው ሳምንቱንም ፎቶ ከፍቼ አጎላሁት፤ የተመለሰውን። አለ።

ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ እዚህ ስትቀመጥ ሳጅን ለሚጡ የምትጫወትላት ጨዋታ ነው፤ ወፊቷ ትለዋለች። ጣቶቿን እንደ ወፍ አፍ ታደርግና ትበረግዳቸዋለች። ሕፃኗም ወፊቷ አፏን ስትከፍት አብራ ትከፍታለች። ምራቴ ልጇን ወገቧን ይዛ ስለምታይ፣ እኔም ወለሉ ላይ ፊቴን ካሜራው ላይ ስለምለጥፍ፣ ከኋላችን የቆመውን የሚያይ ሰው አልነበረም። ከሚጡ በስተቀር።

ስክሪኑን ዘጋሁት።

«እንዴት ነው?» አለች ምራቴ።

«አንዱም አይሆንም።»

«ይኸው!»

«ሌላ ጨርቅ አወርዳለሁ።» ወደ ሳጅን ዞርኩ። «ከላይ ነው ያለው። ይርዱኝ።»

የኋላው ክፍል ድሮ ፊልም የምናጥብበት ነበር፤ መስኮት የለውም፣ በሩም ድምፅ አያሳልፍም። ከገባች በኋላ በሩን ዘጋሁት።

«እጅዎን አየሁት» አልኳት።

«የቱን እጄን?»

«ወፊቷን።»

 ስንት ዓመት ሰው ስትፈትሽ የኖረች ሴት ራሷ ስትፈተሽ ምን እንደምትመስል ያን ጊዜ አየሁ፤ ሁለቱን እጆቿን ከጎኗ ዘርግታ ቆመች። ከዚያ ሳቀች።

«ጀርባሽ ላይም ዓይን አለሽ እንዴ አንቺ?» አንቱታው እዚያው ቀረ።

«የልጅቷ ዓይን ውስጥ ነው ያየሁሽ።»

«እንኳን አየሽኝ! ምን ይሁን ታዲያ? ልትነግሪያት ነው? ሂጂ ንገሪያት። እናቷንና አማቷን ማንን እንደምታምን እናያለን።»

«አልነግራትም።»

«እንግዲያው ምን ታደርቂኛለሽ?» ጠጋ አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የምትፈልጊውማ እኔ የምፈልገውን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ፀሐዩ ሊወርድ ምን ቀረው? አንቺም ዝም በይ፣ እኔም ዝም እላለሁ። ነገ ያልፋል፤ ልጅቱም ከኛው ጋር ትሆናለች። ስድቡን ለሁለት እንካፈለዋለን።»

«እስካሁን ብቻዬን ነው የበላሁት።»

«አንቺማ ለምደሽዋል።»

 የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ ወጥቼ ትንሽ መንቀርፈፍ፣ ጨርቁን ደጋግሞ ማጠፍ፣ ካሜራውን አንዴ መወልወል ይበቃል። ፀሐዩ የቀረውን ይሠራዋል። ነገም ከሰዓት በኋላ ጋሪው የበሩን ደፍ ይዘልላል፤ በአፍንጫ እንጣላለን።

«አባቷ አላያትም» አልኩ።

«በስልክ ያያታል። የዘመኑ ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚተያየው።»

«አያቷም አላያትም።» ይህን ልናገር አስቤ አልነበረም። «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ሳያያት ሄዷል። አንድ ይበቃል።»

ሳጅን ትክ ብላ አየችኝ።

«ዛሬ ደግሞ ሆድ ባሰሽ!» አለች። «ባልሽ ሲቀበር እንባ ጠብ ያላላት ሴትዮ! አገር ሁሉ ‘ይቺ ድንጋይ’ ሲልሽ ‘ተዉ፣ የተማረ ሰው ኀዘኑን በልኩ ነው’ ብዬ የተሟገትኩልሽ እኔ ነበርኩ። ለካስ ማዘን ትችያለሽ። ለኔ ልጅ መሄጃ ሲሆን ትችያለሽ።»

«ጨርቁን ያዢ» አልኳት።

«አልይዝም።»

«የኔ ልጅ ነው የሚጠብቃት፤ ያንቺ ልጅ ናት የምትሄደው። እጅሽ ሥራ ስለፈታ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሥራ እሰጠዋለሁ። ያዢው።»

ስድብ የመሰለ ነገር አጉረመረመች፤ ግን ያዘችው።

ገና መቀመጥ ላልቻሉ ሕፃናት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥና ከራሱ እስከ እግሩ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ሕፃኑ ጭኑ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው እጆቹን ከጨርቁ ሥር አድርጎ ይይዘዋል። ፎቶው ላይ የሚወጣው ሕፃኑና ጨርቁ ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ብዙ ጊዜ እንጠቀምበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ያልተጠቀምኩበት ሚጡ በእናቷ እጅ ብቻ ቀጥ ብላ ስለምትቀመጥ ነው፤ አያስፈልግም ብዬ ነበር።

«እናትሽ ይይዟታል» አልኩ ምራቴን። «አንቺ እዚህ ከኔ ኋላ ትሆኛለሽ።»

«እማዬን በጨርቅ ሊሸፍኗት? ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«ወይ እንዲህ ይሁን፣ ወይ ልጅሽን ጋሪው ላይ መልሻት።»

ፀሐዩ የጣሪያውን ጠርዝ ነክቶ ነበር። ምራቴም አየችው። «እማዬ፣ በይ ተቀመጪ» አለች።

ሳጅን ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጩን ጨርቅ ከራሷ ጀምሬ አለበስኳት፤ ሚጡን ጭኗ ላይ አኖርኩ፤ እጆቿ ከሥር መጥተው ያዟት።

«እንዴት ነው የምመስለው?» አለች ከጨርቁ ውስጥ። «ተገንዤ የወጣሁ አልመስልም? ለቀስተኛ ጥሩልኝ!»

ምራቴ ሳታስበው ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የጨርቁን ጠርዝ አስተካከልኩ፤ የተስተካከለውን መልሼ አስተካከልኩ። ከዚያ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆምኩና ከሌንሱ ጀርባ ገባሁ።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። የሳጅንን እጅ ከኋላዬ አንስቼ ሕፃኗ ላይ ነው ያኖርኩት። ከጨርቁ ሥር ማንም አያያትም። አንዲት ቁንጢት ትበቃ ነበር። ሚጡ ትጮኻለች፤ ምራቴ ትጮኻለች፤ ፀሐዩ ይወርዳል፤ ጥፋቱም የኔ ይሆናል።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች ምራቴ።

«ምንም። አትጥሪያት። አትሳቂላት። እይያት ብቻ።»

«ፊቴን ምን ላስመስለው?»

«ደክሞሽ የለም?»

«ሞቻለሁ።»

«እንደደከመሽ ሁኚ።»

ሚጡ መጀመሪያ ሽቅብ አየች፤ ወፊቷን ፈለገቻት። የለችም። ግራ ገብቷት ዙሪያውን ቃኘች፤ ከዚያ እናቷን አገኘች። እናቷ አልሳቀችላትም፤ እጇን አላወዛወዘችላትም። ቆማ አየቻት ብቻ። የሕፃኗ ፊት ቀስ እያለ ረጋ። ሕፃናት ትልቅ ሰው ምንም ሳያስመስል ሲያያቸው የሚያመጡት አንድ ፊት አለ፤ ዳኛ የመሰለ ፊት። እሱን ፊት አመጣች።

ጭንቅላቷ ግን ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለ። ጨርቁ ሥር የሳጅን ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ቆነጠጠቻት አልኩ በልቤ። ጩኸቱን ጠበቅኩ። ጣቶቹ የሕፃኗን ጎን ይዘው ትንሽ ከፍ አደረጓትና ቀጥ አድርገው አስቀመጧት። ከዚያ አልተነቃነቁም።

ድምፅ ማሰማቱ የባለቤቴ ሥራ ነበር፤ እኔ ጣቴን ብቻ ነበር የምጫነው። ምላሴን ከላንቃዬ አላቅቄ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማሁ። የሚጡ ዓይን ከእናቷ ፊት ወርዶ ሌንሱ ላይ አረፈ። አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቶ ነበር።

ተጫንኩት።

ምራቴ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ጉድለት ፈለገች። ጆሮዋ፣ ግንባሯ፣ ጀርባዋ፣ የከንፈሯ ጥግ። ጥፍሯን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች ፈለገች። አጣች።

«አለቀ?» አለች።

«አልቋል። አሁን አትምልሻለሁ።»

«አንዴ ነው እኮ የተጫኑት!»

«አንዴ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ደስታ የለባትም፤ ይባስ ብላ ደም ሥሯ ተገታትሮ ነበር። «ስለዚህ ይቻል ነበር። ያለፈው ሳምንትም ይቻል ነበር። ጨርቅ አልብሶ፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ፣ ማለቅ ይችል ነበር።»

«ይችል ነበር።»

«ሆን ብለው ነዋ!»

ከወንበሩ ላይ ነጩ ጨርቅ አልተንቀሳቀሰም። ሚጡ አሁንም ጭኗ ላይ ነበረች፤ የጨርቁን እጥፋት ይዛ ትጎትታለች። ሳጅን ሁሉንም ትሰማለች። አንድ ቃል ብትናገር ጊዜው ያ ነበር። አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም።

«አይመልሱም እንዴ?» አለች ምራቴ። «ምን ይመልሳሉ! ይኼን በሕይወቴ አልረሳውም፤ ይወቁት። ወዲያ ማዶ ሆነን ደውለው ልጅቷን አሳዩኝ ሲሉኝም አልረሳውም።»

«እሺ።»

«እሺ ይላሉ ደግሞ!»

ልጇን ከጨርቁ ላይ ነጥቃ አነሳቻት፤ ጃኬቱን አለበሰቻት። ያተምኩትን ቆርጬ ሰጠኋት፤ ቀለሙ ደርቋል አልደረቀም ብላ በጣቷ ጫፍ ያዘችው። «እማዬ፣ ታክሲ ልጥራ፤ ተከተዪኝ» ብላ ጋሪውን እየገፋች ወደ በሩ ወጣች።

ሳጅን አልተከተለችም። ጨርቁን ራሷ ላይ እንዳደረገች ተቀምጣለች። ሄጄ ጠርዙን ስይዝ ከውስጥ በሁለት እጇ ጠፍራ ያዘችው።

«አትንኪኝ» አለች። ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ወጥታለች።»

«ርቃለች?»

«በር ላይ ናት። ስልክ እየነካካች ነው።»

«እንግዲያው አትግለጪኝ። በዚህ ፊቴ እንድታየኝ አልፈልግም። ዛሬ ካየችኝ መሄዷ በኀዘን ይሆናል።» ከጨርቁ በታች ትከሻዋ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ፣ እንደ ወትሮዋ፣ «አንቺም ቆመሽ አትዪኝ። ያንቺን ኀዘን ያየብሽ ሰው የለ፤ የኔን የምታዪው በምን ዕዳዬ ነው?» አለች።

«ጨርቄን ንፍጥ በንፍጥ አድርገሽ እንዳትመልሺልኝ» አልኳት።

«ገደል ግቢ።»

በበሩ መስታወት አሳልፌ አየሁ። ምራቴ ስልኳን ኪሷ ከትታ ፊቷን ወደ ውስጥ እየመለሰች ነበር፤ እናቷ ስለዘገየችባት ልትጠራት ነው። አንድ እርምጃ ብትገባ ሁሉንም ታያለች። ፈጥኜ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ገጠምኩት።

«እማዬስ?»

ምራቴን በር ላይ የማቆይበት ዘዴ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ከሽፎብኝ አያውቅም። ጎንበስ ብዬ የሚጡን እግር ዳሰስኩ።

«ልጅቷን በዚህ ብርድ ያለ ካልሲ ነው የምታዞሪያት?» አልኩ።

ጋሪውን ለቀቀችው። እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምን አሉ?» አለችኝ፣ እና ጀመረች።